ለትምህርት ቤት የወላጅ ኮሚቴ መወዳደር፦ ለጅማ ወላጆች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

ልጁን በመንግሥት ትምህርት ቤት የሚያስተምር ወላጅ በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ልጁ ከደብተሩ መሐል አውጥቶ የሚሰጠውን የጥሪ ወረቀት ያውቀዋል። ወረቀቱ ብዙውን ጊዜ ግማሽ ገጽ ነው፤ ቀኑን፣ ሰዓቱንና አጀንዳዎቹን ይዘረዝራል፤ ከአጀንዳዎቹም መጨረሻ አካባቢ የወላጅ ኮሚቴ አባላት ምርጫ የሚል መስመር ይገኛል። ያ መስመር መጨረሻ ላይ መቀመጡ በራሱ ችግር አለው፤ ምርጫው የሚደርሰው ግማሹ ወላጅ ከወጣ በኋላ፣ የቀረውም ሰዓቱን እያየ ባለበት ወቅት ነው፤ በዚህም ምክንያት የሚመረጡት በአመዛኙ ከዚያ በፊት የነበሩት ሰዎች ወይም ከፊት ወንበር የተቀመጡት ናቸው። ይህ መመሪያ የተጻፈው በዚያ ምርጫ ለመወዳደር ላሰበ አባት ወይም እናት ሲሆን፣ መሠረታዊ ሐሳቡም ምርጫው የሚወሰነው ከጉባኤው ቀን በፊት ባሉት ሳምንታት ነው የሚል ነው።

የሚወዳደሩበትን ቦታ መለየት

ወላጅ ወደ ትምህርት ቤት አስተዳደር የሚገባባቸው መንገዶች በዋናነት ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው በተለምዶ የወላጅ ኮሚቴ የምንለው፣ በደብዳቤ ላይ ግን የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት (ወተመህ) ተብሎ የሚጻፈው አካል ነው፤ ቀደም ባለው አጠራሩ ወመህ (የወላጅና መምህር ኅብረት) የሚሉትም ብዙዎች ናቸው። ሁለተኛው የቀበሌ ትምህርትና ሥልጠና ቦርድ ነው። የሁለቱም መነሻ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የትምህርት አስተዳደር ያልተማከለና ኅብረተሰቡ የሚሳተፍበት እንዲሆን ማዘዙ ሲሆን፣ አደረጃጀታቸውንና ተግባራቸውን በዝርዝር ያስቀመጠው ትምህርት ሚኒስቴር በ1994 ዓ.ም. ያወጣው የትምህርት አመራር፣ አደረጃጀት፣ የሕዝብ ተሳትፎና ፋይናንስ መመሪያ ነው። ርዕሰ መምህራንና ሱፐርቫይዘሮች ሰማያዊው መጽሐፍ ሲሉ ይህንኑ መመሪያ ማለታቸው ነው።

በቦርዱ ውስጥ ከሚቀመጡት አብዛኞቹ የሚገቡት በያዙት ኃላፊነት ወይም በሌላ አካል ውክልና ነው፤ የቀበሌው አስተዳደር፣ የሴቶችና የወጣቶች ማኅበራት፣ የመምህራን ማኅበር ተወካዮች ይኖሩበታል፣ ርዕሰ መምህሩም በጸሐፊነት ያገለግላል። ስለዚህ ተራ ወላጅ ወደ ቦርዱ የሚደርሰው አስቀድሞ በወላጅ ኮሚቴው ከተመረጠና ኮሚቴው ከወከለው ነው። ቦርዱ ላይ ዓይኑን የጣለ ሰውም ቢሆን የሚጀምረው ከወላጅ ኮሚቴው ስለሆነ፣ ከዚህ በኋላ የሚነገረው ሁሉ የሚመለከተው ይህንኑ ምርጫ ነው።

ሥራው ደመወዝም አበልም የለውም። ኮሚቴው በትምህርት ቤቱ ዓመታዊ ዕቅድና በጀት ላይ ይመክራል፣ የገንዘብ አጠቃቀሙን ይከታተላል፣ ትምህርት ያቋረጡ ልጆች እንዲመለሱ ቤት ለቤት ይሄዳል፣ ከባድ የዲሲፕሊን ጉዳዮችን ያያል፣ የኅብረተሰቡን መዋጮ ያስተባብራል፣ በመምህርና በወላጅ መካከል ቅሬታ ሲነሣ ይዳኛል። ይህ ሁሉ ሲደመር በወር ቢያንስ አንድ መደበኛ ስብሰባ፣ በመሐሉም ድንገተኛ ጥሪዎች አሉት። ሥራዎ ከከተማ የሚያስወጣዎት ከሆነ፣ በተለይም ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው የቡና ለቀማ ወቅት ማና ወይም ጎማ ወረዳ የሚከርሙ ከሆነ፣ ይህን አስቀድመው ከቤተሰብዎ ጋር ይመካከሩበት፤ የትምህርት ዘመኑ ዋና ዋና ውሳኔዎች የሚተላለፉት በዚያው ወቅት ነውና።

መወዳደር የሌለባቸው ሰዎችም አሉ። ለዚያው ትምህርት ቤት ወንበር የሚሠራ፣ ወረቀት የሚያቀርብ ወይም የጥገና ሥራ የሚወስድ ነጋዴ ወላጅ ቢሆንም ከዚህ ምርጫ ቢቀር ይሻላል፤ የርዕሰ መምህሩ ወይም የሒሳብ ሠራተኛው የቅርብ ዘመድም እንዲሁ። ሕግ ቢፈቅድለትም እንኳ የመጀመሪያው ግዢ ላይ ሐሜቱ ይጀምራል፤ ሐሜት የገባበት ኮሚቴ ደግሞ መዋጮ መሰብሰብ አይችልም።

ጊዜውንና ደንቡን ማጣራት

ምርጫው በአብዛኛው የሚካሄደው በትምህርት ዘመኑ መጀመሪያ፣ በመስከረም መጨረሻ ወይም በጥቅምት ሲሆን፣ አንዳንድ ትምህርት ቤቶች በሰኔ መዝጊያ ላይ ያደርጉታል። ወደ ርዕሰ መምህሩ ወይም ወደ ምክትሉ ሄደው አራት ነገሮችን ይጠይቁ፦ የአሁኖቹ አባላት የሥራ ዘመን የሚያበቃው መቼ እንደሆነ፣ ስንት የወላጅ መቀመጫ እንዳለና ከእነዚህ ውስጥ ስንቱ ለሴቶች እንደተያዘ፣ ጥቆማው የሚቀርበው በጉባኤው ላይ ብቻ ይሁን ወይስ አስቀድሞ በክፍል ደረጃ፣ እንዲሁም ድምፅ የሚሰጠው እጅ በማውጣት ይሁን በወረቀት። የክልሉ መሥሪያ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ በመሆኑ ከከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት የሚመጡ መመሪያዎችና ቅጾች የሚጻፉት በዚሁ ቋንቋ ነው፤ አፋን ኦሮሞ ማንበብ የማይሆንልዎ ከሆነ የሚያነብልዎትን ሰው ከአሁኑ ያዘጋጁ፤ ከተመረጡ በኋላ ፊርማዎን የሚያስቀምጡበት ሰነድም በዚያው ቋንቋ ይሆናልና።

ልጅዎ የሚማረው በግል ትምህርት ቤት ከሆነ አካሄዱ ተመሳሳይ ነው፤ ልዩነቱ አጀንዳውን በአመዛኙ የሚይዘው የክፍያ ጭማሪ መሆኑና ኮሚቴው በባለቤቱ ገንዘብ ላይ የመወሰን ሥልጣን የሌለው መሆኑ ነው።

ትምህርት ቤቱን ማወቅ

አብዛኞቹ ተወዳዳሪዎች ይህን ደረጃ ይዘሉታል። ልጃቸው ስለሚማርበት ክፍል ያውቃሉ፣ ስለ ትምህርት ቤቱ ግን አያውቁም። እርስዎ ከጉባኤው በፊት የሚከተሉትን ሰነዶች ለማየት ይሞክሩ፤ ማንኛውም ወላጅ ለማየት መጠየቅ ይችላል፤ «ኮሚቴ ሲሆኑ ያዩታል» የሚል መልስ ካገኙም ያንኑ መልስ ማስታወሻዎ ላይ ያስፍሩት።

ከሁሉ በፊት የኢንስፔክሽን ውጤቱን ይጠይቁ። የኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች በግብዓት፣ በሂደትና በውጤት ተመዝነው ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 4 ይመደባሉ፤ ከ50 በመቶ በታች ያገኘ ደረጃ 1፣ ከ50 እስከ 70 የሚደርሰው ደረጃ 2፣ ከ70 እስከ 90 የሚደርሰው ደረጃ 3፣ 90ና ከዚያ በላይ ያገኘ ደረጃ 4 ይሆናል። የእናንተ ትምህርት ቤት በየትኛው ደረጃ እንዳለ ብቻ ሳይሆን በየትኛው መስፈርት ነጥብ እንደጣለ ሪፖርቱ ላይ ተጽፏል፤ ለተወዳዳሪ ከዚህ የተሻለ ንግግር ማዘጋጃ አይገኝም። ቀጥሎ የትምህርት ቤት መሻሻል ዕቅዱን ይመልከቱ። ዕቅዱ በአራት ዐበይት ርዕሶች ማለትም በመማር ማስተማር፣ በምቹ የመማሪያ አካባቢ፣ በትምህርት ቤት አመራርና በኅብረተሰብ ተሳትፎ የተከፈለ ነው። አራተኛውን ርዕስ ሲያነቡ ኅብረተሰቡ ከገንዘብ በስተቀር ሌላ ምን እንዲሠራ እንደታቀደ ልብ ይበሉ፤ አንዳንዴ ከገንዘብ በስተቀር ምንም አያገኙም።

ቁጥሮች ላይ ሲደርሱ የሚመዝኑበት ልክ ያስፈልግዎታል። የአገሪቱ መለኪያ በአንደኛ ደረጃ ለአንድ ክፍል 50፣ በሁለተኛ ደረጃ 40 ተማሪ ሲሆን፣ መጽሐፍ ደግሞ ለአንድ ተማሪ በየትምህርቱ አንድ ነው። በልጅዎ ክፍል ውስጥ ስንት ተማሪ እንዳለ ከልጅዎ ሊጠይቁ ይችላሉ፤ በሌሎቹ ክፍሎች ያለውን ግን ከርዕሰ መምህሩ ቢሮ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈው ሠንጠረዥ ያገኙታል፤ ስንት ተማሪ እንደተመዘገበ፣ ስንቱ እንዳቋረጠ፣ ስንቱ እንደደገመ በጾታ ተለይቶ ይጻፋል። ሁለተኛ ደረጃ ከሆነ የ12ኛ ክፍል ውጤትን ሳይጠይቁ አይለፉ። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ የማለፊያ ነጥቡን ማለትም 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በመጀመሪያው ዙር 3.3 በመቶ፣ በሁለተኛው 3.2 በመቶ ብቻ እንደነበሩና አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከሺህ በላይ እንደነበሩ ሁሉም ወላጅ ሰምቷል፤ የራሱ ልጅ የሚማርበት ትምህርት ቤት ስንት እንዳሳለፈ የሚያውቀው ግን ጥቂቱ ነው። ያን ቁጥር ይዞ የሚመጣ ተወዳዳሪ ይደመጣል።

ከወረቀት በኋላ ግቢውን ይዙሩ። ይህ ከርዕሰ መምህሩ ፈቃድ ጋር፣ በእረፍት ሰዓት የሚደረግ እንጂ ክፍል ውስጥ ገብቶ መምህር የሚያቋርጥ መሆን የለበትም። ጅማ ውስጥ በዝናብ ወራት መሄድ የተሻለ ያሳያል፤ ቆርቆሮው የት እንደሚያፈስ፣ ከግቢው በር እስከ ክፍል ያለው መንገድ ጭቃ መሆኑን፣ ጎርፉ ወደ የትኛው ክፍል እንደሚገባ በደረቅ ወቅት ማወቅ አይቻልም። መጸዳጃ ቤቱ አጠገብ ሲደርሱ ሁለት ነገር ይመልከቱ፦ የሴቶቹ በር ከውስጥ የሚዘጋ መቀርቀሪያ አለው ወይ፣ ውኃስ በአቅራቢያው አለ ወይ። መቀርቀሪያ የሌለው በር ካዩ ለመጀመሪያ ስብሰባዎ የሚሆን፣ በጣም ትንሽ በሆነ ገንዘብ የሚፈታና ለብዙ ሴት ተማሪዎች ከትምህርት መቅረት ምክንያት የሆነ ጉዳይ አግኝተዋል ማለት ነው።

ከወላጆች ጋር መተዋወቅ

በትምህርት ቤት ምርጫ ፖስተር አይለጠፍም፣ በድምፅ ማጉያም አይቀሰቀስም፤ እንዲህ ያደረገ ሰው ቢኖር ወላጁ ለሌላ ነገር እንደሚፈልገው ይጠረጥራል። የሚሠራው መንገድ ጸጥ ያለ ነው። ልጆች በሚለቀቁበት ሰዓት በር ላይ ለሚቆሙ ወላጆች፣ ባጃጅ ለሚጠብቁት እናቶችና ታናሽ ወንድም ለመውሰድ ለመጡ ወጣቶች ሰላምታ ከመስጠት ይጀምራል። ቀጥሎ እድሩ አለ። እድር ውስጥ የወላጅ ኮሚቴ ጉዳይ ማንሳት ነውር አይደለም፤ ነገር ግን ለቅሶ ቤት ውስጥ አይነሣም፤ የሚነሣው በወርሃዊው ስብሰባ መጨረሻ፣ ሊቀመንበሩን አስቀድሞ በማስፈቀድ ነው።

ሲነጋገሩ ከመናገር ይልቅ መጠየቅ ያስቀድሙ። «እትዬ፣ ልጆቹ ከሰዓት ፈረቃ ከሆኑ ወዲህ ቤት ሲገቡ አይመሽባቸውም?» ብሎ መጠየቅና መልሱን አድምጦ መሄድ ስለ ራስ ረጅም ንግግር ከማድረግ የበለጠ ይታወሳል። ትልልቆቹን ኦቦና አዴ፣ ሐጂ፣ ሼህ፣ ጋሼ፣ እትዬ እያሉ በሚጠሩበት አጠራር መጥራት የጅማ ሰው ጆሮ የሚለየው ነገር ነው፤ አፋን ኦሮሞ ለሚናገር ወላጅ ቢያንስ ሰላምታውን በቋንቋው ማቅረብም እንዲሁ። በአንድ ግቢ ውስጥ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ የሚማሩ ክፍሎች ካሉ፣ የአንዱን ክፍል ወላጆች ብቻ አግኝቶ ለምርጫ መቅረብ የግማሹን ትምህርት ቤት ተወዳዳሪ መሆን ነው። ከሁለቱም ወገን ቢያንስ አምስት አምስት ቤተሰብ በስም እስኪያውቁ ድረስ ዝግጅቱ አላለቀም ብለው ይያዙት።

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አንድ የሚረሳ ወገን አለ። ከዴዶ፣ ከሰቃ ጨቆርሳ፣ ከቀርሳና ከማና መጥተው ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች ወላጆቻቸው በጉባኤ አይገኙም፤ የጥሪ ወረቀቱም ልጁ ኪስ ውስጥ ይቀራል። እነዚህን ወላጆች ማግኘት የሚቻለው ሐሙስ ገበያ ሲወጡ ነው። ልጁን «አባትህ ሐሙስ የት ጋ ነው የሚቀመጠው?» ብለው ጠይቀው፣ ገበያው ሳይሞቅ በጠዋት ሄደው ጥቂት ደቂቃ ቢያነጋግሩ፣ ልጆቹ ስለሚያድሩበት ቤት፣ ስለ ስንቃቸውና ለምን በሳምንቱ የመጨረሻ ቀናት ከትምህርት እንደሚቀሩ ሌላ ማንም ተወዳዳሪ የማያውቀውን ነገር ይሰማሉ። ድምፅ ባይሰጡ እንኳ ጉባኤው ላይ ስለ እነርሱ የሚናገር ሰው ይገኛል።

መምህራኑን አይርሷቸው። የራሳቸውን ተወካዮች የሚመርጡት እነርሱ ቢሆኑም፣ ወላጆች ለማን ድምፅ እንደሚሰጡ ሲያመነቱ ብዙውን ጊዜ የሚመለከቱት ወደ ክፍል ኃላፊው መምህር ነው። መምህራኑ የሚፈሩት ቁጡ ወላጅ ኮሚቴ ውስጥ እንዳይገባ ነው፤ በመምህራን የሥራ አፈጻጸም ምዘና ላይ የወላጅ አስተያየት ድርሻ ስላለው ፍርሃታቸው መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ስለዚህ ለአንድ ሁለቱ መምህራን ሐሳብዎን አስቀድመው ያካፍሉ፤ እንዲደግፉዎት ግን አይለምኑ።

ጥቆማው

በእኛ ዘንድ «እኔን ምረጡኝ» ብሎ መነሣት ከባድ ነው። በትምህርት ቤት ጉባኤ ላይ ደግሞ የበለጠ ይከብዳል፤ ራሱን የጠቆመ ሰው ወይ ገንዘቡን ፈልጎ ነው ወይ ሌላ ዓላማ አለው ይባላል። ስለዚህ እርስዎን የሚጠቁም ሌላ ሰው ያስፈልጋል፤ የሚጠቁምዎትም ሰው በአጋጣሚ የሚገኝ ሳይሆን አስቀድሞ የሚነገረው ነው። ይህን ተንኮል አድርገው አይውሰዱት። ጥቆማ ሲጠየቅ አዳራሹ ዝም ይላል፤ ዝምታው ከረዘመ መድረኩ የቀድሞዎቹ ይቀጥሉ ይላል፤ ጭብጨባ ይከተላል፤ ነገሩ ያልቃል። ያን ዝምታ የሚሰብር ሰው ካልተዘጋጀ የእርስዎ ሳምንታት ዝግጅት በጭብጨባው ይቀበራል።

ጠቋሚዎ ማን ይሁን? የቅርብ ዘመድዎ፣ ጎረቤትዎና የሥራ ባልደረባዎ አይሁን። የተሻለው ልጁ ከልጅዎ ጋር በሌላ ክፍል ወይም በሌላ ፈረቃ የሚማር፣ በጨዋነቱ የሚታወቅ፣ ከእርስዎ የተለየ ሰፈር ሰው ነው። እርስዎ የቦሳ አዲስ ሰው ከሆኑ ጠቋሚዎ ከጅሬን ወይም ከመንደራ ቆጪ ቢሆን አንድ ሰፈር ተሰብስቦ መጣ አይባልም። እርስዎ ወንድ ከሆኑ እናት ብትጠቁምዎ፣ ሴት ከሆኑ ደግሞ ሽማግሌ ቢጠቁምዎ ክብደቱ ይጨምራል። ጥቆማውን የሚደግፍ ሁለተኛ ሰውም ያስፈልጋል፤ በሁለቱ መካከል ሌላ ሰው እንዲናገር ጥቂት ጊዜ ቢተው ይመረጣል።

ጠቋሚው የሚለው ነገር አጭር መሆን አለበት። «ጥሩ ሰው ናቸው» የሚለው ለሁሉም የሚባል ስለሆነ ምንም አይጨምርም። «የ7ኛ ክፍል ተማሪ እናት ናቸው፤ ባለፈው ዓመት በር ላይ ያለው ቦይ ሲደፈን ወላጅ አስተባብረው ያስጠረጉት እሳቸው ናቸው፤ ሰዓት ያከብራሉ» የሚለው ግን ሰው የሚያጣራው ነገር ይዟል። እርግጥ ይህ የሚሆነው በእውነት የሠሩት ነገር ሲኖር ነው። ከሌለ በሐምሌና በነሐሴ ትምህርት ቤቱ ጥገና ሲያደርግ፣ በምዝገባ ሰሞን ወላጅ ሲጉላላ ወይም የማጠናከሪያ ትምህርት አስተባባሪ ሲጠፋ የሚሠራ ነገር አይጠፋም።

ሲጠቆሙ «ኧረ እኔ አልችልም፣ ሌላ ሰው ይሁን» ማለት ልማድ ነው፤ ትሕትና መስሎን እንለዋለን። ይህን አያድርጉ። መድረኩ ቃልዎን እንዳለ ወስዶ ስምዎን ከሰሌዳው ሊያጠፋው ይችላል፤ ባያጠፋውም ወላጁ ፈልጎ ለመጣ ሰው ድምፅ የሰጠ አይመስለውም። «አመሰግናለሁ፣ ከታመነብኝ ለመሥራት ፈቃደኛ ነኝ» ብሎ መቀመጥ ትሕትናም ቁርጠኝነትም አለው።

የጉባኤው ቀን

ጉባኤው አብዛኛውን ጊዜ ቅዳሜ ጠዋት ይሆናል። ጥሪው ሁለት ሰዓት ተኩል ቢልም ሦስት ሰዓት ተኩል ሳይሆን እንደማይጀመር ሁሉም ያውቃል፤ እርስዎ ግን በተባለው ሰዓት ይድረሱ። ያ የባዶ ወንበር ሰዓት ከማለዳ የመጡ ወላጆችን አንድ በአንድ ሰላም የሚሉበት፣ ከጠቋሚዎ ጋርም መገኘቱን የሚያረጋግጡበት ነው። ጉባኤው ዓርብ ከተጠራ ጁምዓ ከመድረሱ በፊት ምርጫው እንዲያልቅ ለርዕሰ መምህሩ አስቀድመው ያሳስቡ፤ ካልሆነ ብዙ አባቶች ለሶላት ይወጣሉ። በጥሪው ሰሞን አጀንዳው ሲዘጋጅ ምርጫው ሁለተኛ ተራ ላይ እንዲሆን መጠየቅም ይችላሉ፤ ምክንያትዎን ከተናገሩ የሚከለክል ርዕሰ መምህር ጥቂት ነው።

አጀንዳው ሲጸድቅ ሦስት ነገሮች መሟላታቸውን ያስተውሉ፦ ምልዓተ ጉባኤው መቆጠሩን፣ ከተወዳዳሪዎቹ ውጭ የሆኑ አስመራጮችና ድምፅ ቆጣሪዎች መመረጣቸውን፣ ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ሰው መኖሩን። አንዱ ከጎደለ እጅዎን አውጥተው በጨዋ አነጋገር ያስታውሱ፤ «የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አለኝ፣ ቆጣሪ ብንመርጥ ቁጥሩ ላይ ኋላ ቅሬታ አይነሣም» ማለት ማንንም አያስቀይምም። እጅ በማውጣት ሲመረጥ አንድ ሰው ለስንት ተወዳዳሪ እጁን ማንሣት እንደሚችል አስቀድሞ ካልተነገረ ድምሩ ከወላጁ ቁጥር ይበልጥና ምርጫው ይበላሻል፤ ይህ በተደጋጋሚ የሚያጋጥም ነውና ቆጠራው ሳይጀመር ያስጠይቁ።

ተወዳዳሪዎች እንዲናገሩ ዕድል ከተሰጠ ሁለት ደቂቃ አይለፉ። ስለ ትምህርት ጥቅም መናገር አያስፈልግም፤ ልጁን አስመዝግቦ የመጣ ወላጅ ይህን ያውቃል። የሚከተለው ዓይነት ንግግር በቂ ነው።

«ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። የሁለት ልጆች አባት ነኝ፤ አንዷ 4ኛ፣ አንዱ 8ኛ ክፍል ናቸው። የትምህርት ቤታችንን ሠንጠረዥ አይቻለሁ፤ በ5ኛ ክፍል በአንድ ክፍል ከ50 በላይ ልጅ ነው የሚቀመጠው፤ የሴቶቹ መጸዳጃ በር መቀርቀሪያ የለውም። ብመረጥ ሦስት ነገር አደርጋለሁ። የበሩ ጉዳይ በመጀመሪያው ወር እንዲያልቅ እጠይቃለሁ። የምናዋጣው ገንዘብ ምን ላይ እንደዋለ በየሩብ ዓመቱ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ አቀርባለሁ። ከገጠር መጥተው ተከራይተው የሚማሩ ልጆች ወላጆች የሚሰበሰቡበት ሌላ ቀን እንዲኖር አሳስባለሁ። መምህር የመቅጠርና ክፍል የመገንባት ሥልጣን ስለሌለኝ በእሱ ቃል አልገባም። አመሰግናለሁ።»

ከምስጋናው በፊት ያለው ዓረፍተ ነገር ሳይሆን አይቀርም ብዙ ድምፅ የሚያመጣው። ወላጅ ከዚህ በፊት አዲስ ሕንጻ፣ ኮምፒውተርና አጥር ቃል የገቡለት ሰዎችን ሰምቷል፤ የማይችለውን የሚለይ ሰው ሲያገኝ ጆሮውን ይሰጣል። ንግግሩን በሁለቱም ቋንቋ ማለት ከቻሉ ያድርጉት፤ ካልቻሉ የሚያስተረጉምልዎ ይኑር።

ከተሸነፉ አዳራሹን ቶሎ ለቀው አይውጡ። የተመረጡትን እንኳን ደስ አላችሁ ብለው፣ ያዘጋጁትን ማስታወሻ ለአዲሱ ሰብሳቢ ይስጡ። ኮሚቴው ንዑሳን ኮሚቴዎች ሲያዋቅር ሰው ይፈልጋል፤ ከዓመት ዓመትም ከአባላቱ አንድ ሁለቱ በሥራ ዝውውር ወይም በልጅ መመረቅ ስለሚለቁ የማሟያ ምርጫ ይኖራል። በቆጠራው ላይ እውነተኛ ቅሬታ ካለዎ ደግሞ በዚያው ቀን ቃለ ጉባኤው ላይ እንዲሰፍር ይጠይቁ፤ ካልተፈታ በአካባቢው ያሉትን ትምህርት ቤቶች ለሚያስተሳስረው የጉድኝት ማዕከል ሱፐርቫይዘር፣ ከዚያም ለከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ይቀርባል።

ከተመረጡ በኋላ ያሉት የመጀመሪያ ወራት

ርክክቡ ከሁሉ ይቀድማል። የቀድሞው ኮሚቴ የቃለ ጉባኤ መዝገቡን፣ ማኅተም ካለው ማኅተሙን፣ የባንክ ደብተሩንና ያልተፈጸሙ ውሳኔዎችን ዝርዝር በፊርማ ያስረክብ። በቃል «ሁሉም ነገር ቢሮ አለ» ከተባለ በትሕትና ቢሮ ያለውን አብረን እንይ ማለት ያስፈልጋል፤ ያልተረከቡት ጉድለት በኋላ የእርስዎ ጉድለት ሆኖ ይጠየቃል።

ገንዘቡን በሦስት ለይተው ይያዙ። አንዱ ከመንግሥት የሚመደበው ጥቅል በጀትና በየተማሪው ቁጥር ተሰልቶ የሚሰጠው የትምህርት ቤት ድጎማ ነው፤ ይህ ምን ላይ መዋል እንዳለበት መመሪያ አለው። ሁለተኛው የትምህርት ቤቱ የራሱ የውስጥ ገቢ ነው፤ የሳር ሽያጭ፣ የክበብ ኪራይና የመሳሰለው። ሦስተኛው የወላጅ መዋጮ ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤት ክፍያ ስለማይጠይቅ መዋጮ በወላጆች ስምምነት እንጂ በግዴታ አይሰበሰብም፤ ያልከፈለ ወላጅ ልጅ ከክፍል ሲባረር ወይም ካርዱ ሲያዝ ካዩ ዝም ማለት የለብዎትም። እያንዳንዱ ብር በሕጋዊ የገቢ ደረሰኝ ይሰብሰብ፣ በዚያው ሰሞን ባንክ ይግባ፣ የሚወጣውም በጣምራ ፊርማ ይሁን። ባዶ ቼክ ላይ አስቀድሞ እንዲፈርሙ የሚጠይቅዎ ሰው፣ «እርስዎ ሥራ ስለሚበዛብዎት ነው» ቢልም፣ እምቢ መባል አለበት።

ግዢ ሲኖር ከተለያዩ ሦስት ነጋዴዎች የመጡ ፕሮፎርማዎችን ጎን ለጎን አስቀምጠው ያንብቡ። የሦስቱም የእጅ ጽሑፍ አንድ ከሆነ፣ ስልክ ቁጥራቸው በአንድ አኃዝ ብቻ ከተለያየ ወይም በሦስቱም ላይ አንድ ዓይነት የፊደል ስሕተት ካለ ጥያቄ ያነሡ። ዕቃው ሲመጣ በሞዴል 19 (በዕቃ ገቢ ደረሰኝ) ገቢ መሆኑን፣ ከግምጃ ቤት ሲወጣም በሞዴል 22 (በዕቃ ወጪ ደረሰኝ) መውጣቱን ያረጋግጡ። ሃያ ደርዘን ጠመኔ ተገዝቶ ከሆነ ሃያ ደርዘን መቁጠር አያሳፍርም፤ ንብረት ክፍሉ ራሱ ሲቆጠርለት ደስ ይለዋል፤ ኋላ ብቻውን አይጠየቅምና።

ቃለ ጉባኤ ላይ ሲፈርሙ ገጹን እስከ መጨረሻው ያንብቡ፤ ከፊርማው በላይ ባዶ ቦታ ከተተወ መስመር ያስምሩበት። በውሳኔው ካልተስማሙ «ልዩነቴ ይመዝገብልኝ» ይበሉ፤ ይህ መብትዎ ነው፤ ልዩነትን ስብሰባ ላይ ሳያስመዘግቡ በር ላይ ማውራት ግን የኮሚቴውን ሥራ ያፈርሳል።

በዲሲፕሊን ጉዳይ የራስዎ ልጅ ወይም የዘመድዎ ልጅ ስም ከተነሣ ከስብሰባው ይውጡ፤ ቃለ ጉባኤውም መውጣትዎን ይመዝግብ። የሌላ ሰው ልጅ ነገር ሲታይ የሰሙትን ለቤተሰብዎ እንኳ አይንገሩ። በተማሪ ላይ ጾታዊ ጥቃት ደረሰ የሚል ክስ ሲቀርብ ደግሞ ኮሚቴው በሽምግልና የሚያስታርቀው ጉዳይ አይደለም፤ በዚያው ቀን ለፖሊስ እንዲቀርብና ልጅቷ ወደ ጤና ተቋም እንድትወሰድ ማድረግ ነው የእርስዎ ድርሻ። «የትምህርት ቤቱ ስም ይጠፋል» የሚል ሽማግሌ አይጠፋም፤ ሲመጣም በአክብሮት አስቀምጠው የልጅቷን ጉዳይ ወደ ሕግ ይላኩ።

ከርዕሰ መምህሩ ጋር መጋጨት አይቀርም። ርዕሰ መምህሩ ከላይ ዕቅድ ይታዘዛል፣ ከታች ወላጅ ይጠይቀዋል፣ ከጎን መምህራን አሉት፤ ለሁሉ መልስ መስጠት የሚጠበቅበት ሰው ስለሆነ ብዙ ጊዜ በስብሰባ ላይ ከሚቀርብለት ጥያቄ ይልቅ አስቀድሞ ቢሮው ድረስ ሄደው የሚነግሩትን ይቀበላል። ሁለት ጊዜ ነግረውት ካልተስተካከለ ግን ጉዳዩን አጀንዳ አስይዘው በቃለ ጉባኤ ያውሉት።

ታኅሣሥ ሲመጣ፣ የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ፈተና ከመድረሱ በፊት፣ አንድ ገጽ ሪፖርት ይጻፉ፦ ምን ያህል እንደተሰበሰበ፣ ምን ላይ እንደዋለ፣ ስንት ልጆች እንዳቋረጡና ስንቱ እንደተመለሱ፣ ያልተሠራውና ያልተሠራበት ምክንያት። በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ተጽፎ፣ በሰብሳቢውና በርዕሰ መምህሩ ተፈርሞ፣ ወላጅ ከበር ሲገባ በሚያየው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ አንዱ ቅጂ ደግሞ በቃለ ጉባኤ መዝገቡ ውስጥ ይያያዝ።